ሲሚንቶ ያመነ ዕድር

ገና ከመኪናው ሳልወርድ አቶ ሚሳኤልን የገደላቸው ሲሚንቶ መሆኑን ነገሩኝ። ላፍቶ፣ የዕድሩ መጋዘን በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እኩል ያወራል። ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን የለም። በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ያላየውን ሲናገር ድምፁ ይደምቃል፣ ያየውን ስትጠይቀው ጉሮሮው ይደርቃል።

«ክምሩ ተናደባቸው፣ ኢንስፔክተር ሐሚዳ» አለኝ ሳጅን ኮርሳ። ኮርሳ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ የሚወድ ሰው ነው። «አደጋ ነው። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ውዳሴም አደጋ ነው ብለዋል።»

«ሊቀመንበሩ ሐኪም ናቸው?»

«አይደሉም።»

«እንግዲያው እኛ እንየው።»

መጋዘኑ በአንድ ወገን የዕድሩ ዕቃ ተደርድሮበታል፤ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የድንኳን ብረት። በሌላው ወገን እስከ ጣሪያው ድረስ የተከመረ ሲሚንቶ አለ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አቶ ሚሳኤል ከክምሩ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጀርባቸው ላይ ከረጢቶች ወድቀዋል፤ አንዱ ተቀዶ ጭንቅላታቸውን በሲሚንቶ ሸፍኖታል። ኮታቸው በደንብ የተተኮሰ ነበር። ለሥራ ሳይሆን ለቁም ነገር የለበሱ ይመስላሉ።

ተንበርክኬ በጓንት ከፀጉራቸው ላይ ሲሚንቶውን ጠረግኩት። ቡን ብሎ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ደም ጠቁሮ ደርቋል።

«ኮርሳ፣ ሲሚንቶ እርጥብ ነገር ላይ ሲወድቅ ምን ይሆናል?»

«ይቦካል። ከዚያ ይጠጥራል።»

«ይኼ አልቦካም። የፈሰሰባቸው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሰውየው ሞተው ቆይተዋል፤ ክምሩን ሰው ነው የናደባቸው።»

ኮርሳ በረጅሙ ተነፈሰ። ከድንኳን ብረቶቹ መካከል ደግሞ አንዱ ብቻ አቧራ አልነበረበትም። ተጠርጓል። ኮርሳን በዓይኔ ጠቀስኩት፤ በላስቲክ ጠቅልሎ አነሣው።

የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። ከረጢቶቹ ከላይ ከወደቁ የክምሩን አናት ማየት አለብኝ ብዬ ወንበር ላይ ወንበር ደርቤ ወጣሁ። ያየሁትን ለማመን የስልኬን መብራት አበራሁ። ክምሩ ክምር አልነበረም። ከፊት አንድ ግድግዳ የሚያህል ሲሚንቶ ተደርድሯል፤ ከኋላው ባዶ ነው። ጥቂት የእንጨት ርብራብ፣ የአይጥ ኩስ፣ ሌላ ምንም የለም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ በሩን ወጣ። ወዲያው «ዘበኛው ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም «ሌባ! ሌባ!» ስወጣ ከዘበኛው ጎጆ ውስጥ በገመድ የታሰረ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ጎትተው አውጥተዋል። ዘበኛው ቱሉ በንቲ መሐል ቆመዋል። ጋቢያቸውን ሁለት ጎረምሳ ይጎትተዋል። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ዕድርተኛው ግን እስከ ትንሹ ድረስ «አንተ» ነው የሚላቸው።

«ሰውየውን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ!» አልኩ።

አልነኩኝም። ከሰው እጅ ላድናቸው ብዬ መኪናችን ውስጥ አስገባኋቸው፤ ጣቢያ ስንደርስ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ።

ኮማንደር ኖላዊ በዕድሜ ታናሼ፣ በማዕረግ አለቃዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው፤ ችኩል ሰው ደግሞ ክፋቱን የሚሠራለት አያጣም።

«ቁልፍ ያለው እሱ፣ ሬሳውን ያገኘው እሱ፣ ባዶ ከረጢቱ የተገኘው እሱ ጎጆ። መሬቱ ድሮ የእነሱ ነበር አሉ፣ ቂምም አለው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያን ሁሉ ሲሚንቶ በትከሻቸው ነው ያወጡት?»

«በጋሪ ያውጣው! ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። ማመልከቻውን ጽፈሽ ፈርሚበት።»

«ገዳዩን ሳገኝ እፈርማለሁ።»

«ካላገኘሽስ?»

«ሌላ ሰው ይፈርምበት። እኔ አልፈርምም።»

«ሐሚዳ፣ አለቃሽ ነኝ።»

«ለዚህ ነው ፊት ለፊት የምነግርዎት።»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። መዝጊያው እንኳ ንዴቴን እንዳያውቅብኝ ፈልጌ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ምርመራ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አርብ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ለወንድሜ ከብቶች ገለባ ወሰድኩ። አርብ አርብ እሄዳለሁ፤ ዕድርተኛው ሁሉ ያውቃል። መሽቶ ተመለስኩ፤ መጋዘኑ ተቆልፎ ነበር፤ ተኛሁ። ጠዋት ብከፍተው...»

«ባዶ ከረጢቶቹስ?»

«ዕድሩ ሐዘን ለደረሰበት ቤት የመቃብር ማሠሪያ ሲሚንቶ ይሰጣል። ባዶውን ለኔ ይመልሱልኛል፤ ገለባ እሸከምበታለሁ። የተሰጣቸውን ሰዎች ጠይቂ።»

«ከክምሩ ኋላ ሲሚንቶ ሳይኖር ግን ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ ከፊት ነው የማየው፣ ልጄ። ሙሉ ነው።»

«ያለ እርስዎ መኪና መጥቶ የጫነበት ጊዜ ነበር?»

አሰቡ። «ባለፈው ዓመት ለአዝመራ ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር። ስመለስ ግን ያው ነው፤ ከፊት ሙሉ።»

«በመሬቱ ቂም አለው ይላሉ።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «መጋዘኑ ያለበት የአባቴ ማሳ ነው። ቂም ቢኖረኝ ኖሮ ስንት ዘመን ስጠብቀው አንድ ክብሪት አጥቼ ነው?»

ይህን የሚል ሰው ሰው ገድሎ ሲሚንቶ አይከምርበትም አልኩ በልቤ። ልቤ ግን ማስረጃ አይሆንም።

የአቶ ሚሳኤል ቤት ጎፋ ነው። ግቢውን የሚያክል ትልቅ አዲስ ድንኳን ተተክሎ ሰው መግባት ጀምሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ናዝሬት ከጓዳ ብቻቸውን አነጋገሩኝ። አላለቀሱም። ተናደው ነበር፤ እኔም ከተናደደ ሰው ጋር ማውራት ነው የሚቀለኝ።

«ባሌ ኢንሹራንስ ቤት ነው ጡረታ የወጣው። ዕድሜውን ሙሉ አደጋን ሲተምን የኖረ ሰው ነው። የዕድሩ ተቀማጭ በሙሉ ሲሚንቶ ይገዛበት ሲባል፣ ከጉባኤው ሁሉ አንድ ብቻውን ተቃወመ።»

«ለምን?»

«ያለንን ሁሉ አንድ ነገር ላይ አንጣል አለ። ጥቂቱ ባንክ ይቀመጥ፣ በጥቂቱ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ እንግዛ፣ በጥቂቱ አክሲዮን፣ ካማራችሁ ጥቂት ሲሚንቶም ይሁን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዘናል አለ። ፈሪ አሉት። ብር ይሟሟል፣ ሲሚንቶ ይጠነክራል ብለው ሳቁበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዋጋው ወጣ። አቶ ውዳሴን በትከሻቸው ሊሸከሙት ምንም አልቀራቸው፤ ሐሳቡ የእሱ ነበራ። ሚሳኤል፣ ዋጋው የሚወርድበትን ቀን አውቃለሁ የሚል ውሸታም ነው፣ አሁኑኑ ግማሹን እንሽጥ ብሎ ለመነ። የሚሰማው አጣ። ቀጥሎ ሲሚንቶ በሽ በሽ ሆነና ዋጋው ወረደ። ከሥር ያለውም እየጠጠረ ነው። በመጨረሻ በኪሳራም ይሸጥ አስባለ። ዛሬ ጠዋት ነበር ገዢው የሚጭነው። አርብ ከምሳ በኋላ መጋዘኑን ልይ ብሎ ወጣ። ሲዘገይብኝ ለአቶ ውዳሴ ደወልኩ፤ ከገዢው ጋር ይሆናል፣ አትጨነቂ አለኝ።»

«ከገዢው ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ሐሙስ በስልክ ሲጯጯኹ ሰምቻለሁ።»

ገዢው ፍሮምሳ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ጀሞ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ስገባ በአንድ ጆሮው ስልክ፣ በሌላው ደንበኛ ይሰማል።

«ሚሳኤል ላይ ለምን ጮኽክ?»

«ስለቸኮለ ነዋ! እህቴ፣ ዋጋው በየሳምንቱ ነው የሚወርደው። እሱ በዘገየ ቁጥር ለእኔ ይረክሳል። አንድ ወር ቆይ ስለው፣ ስንት ጊዜ ነው የምትቆዩት ብሎ ሰደበኝ። ሰውዬውን ልግደል ብል ዋጋው ሲወጣ ነው እንጂ ሲወርድ ለምን ብዬ?»

«አርብ የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ተበላሽታብኝ ጋራዥ። መካኒኩን ጠይቂው፤ እስኪመሽ ስንጨቃጨቅ ነበር።»

መካኒኩን ጠየቅኩት። አርብ እስኪመሽ አብረው እንደነበሩ ሲምል አፉ እንኳ ግሪስ ግሪስ ይል ነበር፤ የጭቅጭቁ ንዴት ገና አልወጣለትም።

ልወጣ ስል ፍሮምሳ፣ «ባለፈው ዓመት ዋጋው ሰማይ ሲነካ እኮ ሽጡልኝ ብዬ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ነው የወደቅኩት» አለኝ። «አንድ ከረጢት አይወጣም አሉኝ። ያኔ ቢሸጡ ኖሮ ዛሬ ዕድር ሳይሆን ባንክ ነበሩ።»

ስለዚህ ያን ቀን በእጄ የነበረው እንዲህ ነው። ሲሚንቶው ጠፍቷል። ገንዘብ ያዡ ሊሸጡት ሲሉ ሞተዋል። ገዢው ንጹሕ ነው፤ ዘበኛው እስር ቤት ነው፤ ሰኞ እየመጣ ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ መሪውን በቡጢ መታሁት። ኮርሳ ውኃ አቀበለኝ።

እሑድ ከቀብር መልስ አቶ ውዳሴን ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው እንግዳ ያስቀምጣሉ፣ ወንበር ያስተካክላሉ፣ ለሽማግሌ ይነሣሉ። ሰው እንዲህ ያለ ሊቀመንበር ሲያገኝ ለመሞት አይፈራም። ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። ስልካቸው ይርገበገባል፤ አገላብጠው በፊቱ ደፉት።

«ልጄ ሐሚዳ፣ ቱሉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር» አሉ። «ግን ድህነት ሰውን ምን የማያደርገው አለ?»

«መጀመሪያ አደጋ ነው ብለው ነበር።»

«ምኞቴ ነበር። ሰው በሰው እጅ ከሚሞት አደጋ ይሻላል።»

«እርስዎ አርብ የት ነበሩ? የሁሉንም እየጠየቅኩ ነው።»

«የጽዋ ማኅበር ነበረን፣ እዚሁ ጎፋ። የማኅበሩን ሰዎች ጠይቂ።»

ቀደም ብሎ ኮርሳ ጠይቋቸው ነበር። ሁሉም ነበሩ አሉ። ስንት ሰዓት እንደደረሱ ግን አንዱም አያስታውስም፤ ያስታወሱት ዳቦው ጥሩ እንደነበር ነው።

«ድንኳኑ ያምራል» አልኩ፣ ለማለት ያህል።

ፊታቸው በራ። «ትልቁ ነው። ለሥራ አስፈጻሚ ቤት ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሌላ ጊዜ ለሰርግ እናከራየዋለን። ሚሳኤል ይገባዋል።»

ስወጣ ከድንኳኑ ጀርባ አንዲት ሴት አየሁ፤ እጇ ሂና፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። ገብታ አልቅሳ፣ ነፍስ ይማር ብላ፣ ወጥታ አሁን ከዕድሩ ዕቃ ያዥ ጋር በሹክሹክታ ትከራከራለች። መታወቂያዬን ስታይ የሰረቀች ይመስል ደነገጠች።

«ኦብሴ እባላለሁ። ቀብዴን ልቀበል ነበር፤ ለቅሶ ቤት ይህን ማንሣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልጄን ትናንት ዳርኩ፤ ነገ መልስ ነው። ድንኳኑን ቀድመው አከራይተውኝ ከለከሉኝ፤ ሸራ ልከራይ እንኳ ገንዘቡ እነሱ ጋ ነው።»

«እንግዲህ ሞት ቀጠሮ የለውም» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነው። እኔም አርብ ሲነግሩኝ ነፍስ ይማር ብዬ ዝም አልኩ።»

እግሬ እዚያው ቀረ። «መቼ ሲነግሩሽ?»

«አርብ። ጨለምለም ሲል ተደወለልኝ። ትልቁ ድንኳን ለሐዘን ተፈልጓል አሉኝ። ማን ሞተ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፤ የሰርግ ሽር ጉድ ላይ ነበርኩ።»

«ማነው የደወለው?»

«ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ይኸውና ቁጥራቸው» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ዕቃ ያዡን ጠየቅኩት፤ በዚያ ሳምንት በዕድሩ ሌላ የሞተ የለም። አቶ ሚሳኤል ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አርብ ሲጨላልም ሚስታቸው እንኳ ራት ሠርተው ይጠብቁ ነበር። ያን ሰዓት ለአቶ ሚሳኤል ድንኳን የያዘላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ተንኮለኛ ገዳይ አይቻለሁ፣ ሰካራም ገዳይ አይቻለሁ። የገደለው ሰው ትንሹ ድንኳን ውስጥ እንዳይለቀስለት የተጨነቀ ገዳይ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ጣቢያ ደውዬ ኦቦ ቱሉን በስልክ አገናኙኝ አልኩ። «ለአዝመራው ሂድ ያለዎት ከኮሚቴው ማን ነው?»

«አቶ ውዳሴ። የመንገድ ብለው ከኪሳቸው ጨመሩልኝ። ጥሩ ሰው ናቸው።»

አቶ ውዳሴን መጋዘኑን ይክፈቱልኝ ብዬ ወሰድኳቸው። ኮርሳ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከድንኳን ብረቶቹ ፊት ወንበር ዘርግቼላቸው ሌላ ወንበር ለራሴ ሳብኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት» አልኩ። «አርብ ማታ ለወይዘሮ ኦብሴ ሲደውሉ፣ ድንኳኑን የያዙት ለማን ሐዘን ነበር?»

ነጠላቸውን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ትከሻ አደረጉት። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ርግብ አለ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

«ሚሳኤል የዕድሩ ባለ ውለታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዕድሩን የመሠረትነው አብረን ነው። ሰርገኛ እየጨፈረበት እሱ ሸራ ውስጥ እንዲለቀስለት ማድረግ አልችልም ነበር።»

«ለመግደል ግን ችለዋል።»

«አስቤው አይደለም! ከኋላ ባዶ መሆኑን አየ። ክምሩ ላይ ወጥቶ አየው። ወርዶ ምንም አላለኝም፤ ሊናገር ወደ በሩ ሄደ። ቆይ አልኩት፣ አልቆመም። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብዙ ቆየሁ። ድንኳኑ ትዝ ሲለኝ ደወልኩ። በኋላ ነው ከረጢቶቹን... አደጋ ቢመስል ለቤተሰቡም ይቀላል ብዬ።»

«ሲሚንቶው የት ሄደ?»

«ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ሸጥኩት፤ አገር ቤት ለሚሠሩ ሰዎች፣ እዚህ በማያውቁኝ በኩል። ለራሴ አንድ ሳንቲም አልበላሁም!» አሁን ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እንደ ተበደለ ሰው ነበር የሚናገሩት። «ብሩ በእጄ ላይ ሲሟሟ ቁጭ ብዬ ልየው? ሚሳኤል ጥቂት እዚህ፣ ጥቂት እዚያ ይላል፤ በጥቂት ምን ይገኛል? በስልኬ ወርቅ እገዛ፣ እሸጥ ጀመር። ከውጭ አገር ገበያ ነው።»

«ወርቁን አይተውት ያውቃሉ?»

«ወርቅ የለውም፤ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ሲወጣ አረንጓዴ፣ ሲወርድ ቀይ ይሆናል። በብድር ስለምትገዢ ትንሽ ሲወጣ እጥፍ ታገኛለሽ። መጀመሪያ እጥፍ ሆነ! ሲሚንቶውን መልሼ ልገዛና ትርፉን ለጉባኤው ላበሥር ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ወረደ። ትንሽ ሲወርድም እጥፍ ነው የሚወስደው። የሄደውን ልመልስ ብዬ የቀረውን ጨመርኩ። ሌሊት ተነሥቼ ጸሎቴን ትቼ ቀዩን አያለሁ።»

አተርፍ ባይ አጉዳይ ይላል የአገሬ ሰው። ለእኚህ ሰው ግን ተረት ማባከን መሰለኝ።

«ገንዘቡ የእርስዎ ቢሆን ኪሳራውም የእርስዎ ነበር» አልኳቸው። «የሰው መቀበሪያ ይዘው ነው ቁማር የተጫወቱት። ያሸነፉ እንደሁ ስምዎ ይጠራል፣ የተሸነፉ እንደሁ ሁሉም ይከስራል። ለዚህ ማን ፈቀደልዎት?»

«ሊቀመንበር አይደለሁም?»

«ሊቀመንበር ነዎት እንጂ ባለቤት አይደሉም። እሺ፣ ምቱስ የንዴት ነው እንበል። ቱሉን ሌባ ብለው ሲጎትቷቸው እዚህ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ድንኳን ሥር ወንበር ሲያስተካክሉ ሰውየው እስር ቤት ነበሩ። ሚሳኤል ሸራ ውስጥ እንዳይለቀስላቸው የተጨነቀው ልብ ያኔ የት ሄደ?»

ግራ እንደገባቸው ሁሉ አዩኝ። ከልባቸው ነበር።

«ቱሉ እኮ አባል አይደለም» አሉ።

ሌላውን ሁሉ ይቅር ልላቸው እችል ይሆናል፤ ይህቺን ግን አልችልም። ተነሥቼ እጄን ወደ ካቴናው ሰደድኩ። ኮርሳ ጡረታውን ረስቶ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለኮማንደር ኖላዊ ማመልከቻውን በአቶ ውዳሴ ላይ ጽፌ ፊቱ አስቀመጥኩ። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። «ድንኳን!» አለና ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁ አሳፈረው መሰለኝ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ኦቦ ቱሉን በኋላ በር አስወጪያቸው፤ ሰው እንዳያያቸው» አለ።

«በፊት በር ነው ያስገባኋቸው፣ ኮማንደር። በፊት በር ይወጣሉ።»

በፊት በር ወጡ። አቶ ውዳሴ ስታሰር እያዩ ለምን ዝም አሉ ብለው ጠየቁኝ። ልዋሽላቸው አሰብኩ፤ አልዋሸሁም። የተባለውን እንዳለ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው «እሺ» ብቻ ብለው ወደ ታክሲ ተራው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሥራዬ አልነበረም፤ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። «ይፍረስ!» ይላል አንዱ። «የቀረውን ተካፍለን እንለያይ!» ይላል ሌላው። «ከእንግዲህ ገንዘቤን ለማን አምኜ ልስጥ?» ትላለች አንዲት እናት፤ እውነቷን ነው። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ለዚህ ነበር የሚያስፈሩት።

ወይዘሮ ናዝሬት በጥቁር ልብሳቸው ተነሡ።

«ባሌን የገደለው ዕድር አይደለም» አሉ። «ሞት ማን ቤት እንደሚገባ ስለማናውቅ ነው ዕድር የገባነው። ሁላችን ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን፣ የደረሰበትን ሁላችን እንሸከማለን። አንድ ሰው ለብቻው ወስኖ ያለንን ሁሉ ለብቻው ጣለው። እናንተ ደግሞ ዛሬ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ልትቆሙ ነው? እኔ የከሰረ ዕድር አያስፈራኝም። አልወጣም።»

ማጉረምረሙ እንደገና ሲጀመር ከኋላ በሩ ተከፈተና ኦቦ ቱሉ ገቡ። ያን ዕለት ጋቢያቸውን የጎተቱት ጎረምሶች ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ጸሐፊው ተነሣ።

«ቱሉ፣ እንኳን መጣህ። ጉባኤው ይቅርታ ይጠይቅሃል። ወደ ሥራህ ተመለስ፣ ደመወዝህም...»

«ወደ ዘበኝነቱ አልመለስም።»

«እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግልህ?»

«ልመዘገብ ነው የመጣሁት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ቀልድ መስሎት፣ «የከሰረ ዕድር ነው እኮ!» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «በባዶነቱ የታሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?»

«ዝም የተባልኩት አባል ስላልሆንኩ ነው ተባልኩ። እንግዲያው አባል እሆናለሁ። ስሞት ትቀብሩኛላችሁ፤ ስትሞቱ እቀብራችኋለሁ። አትወዱኝም፤ እኔም እናንተን አልወዳችሁም። ለዕድር መዋደድ አያስፈልግም።»

ጸሐፊው ቆሞ ቀረ። ዙሪያውን አየ፤ የሚቃወም አጣ፤ ቁጭ ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለ።

ከዚያ ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚወጣ ይታወቅ ተባለና ስም መጥራት ተጀመረ። የሚወጣ ዝም ይላል፤ የሚቆይ «አለሁ» ይላል። መጀመሪያ ዝምታው ይበዛ ነበር። ወይዘሮ ናዝሬት «አለሁ» አሉ። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ ሊወጡ በሩ ጋ የደረሱ ሰዎች ቆሙ። አንዲት ሴት «አለሁ» አለች፣ ከዚያ ባሏ። ጸሐፊው መጨረሻው ላይ ደረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ቱሉ በንቲ!»

«አለሁ!» አሉ፤ ድምፃቸውን ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው።